ቤትን ከነፋስ ጋር ማስታረቅ

ሰው ቤቱን ይዞ መንገድ መውጣቱ ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ድንኳኑን በግመል ወይም በበቅሎ ጭኖ ይጓዝ የነበረው መንገደኛ ለነፋስ የሚከፍለው ግብር አልነበረበትም። ነፋስ ግብር አስከፋይ ሆኖ የተሾመው የሰው ልጅ ሞተርን ፈልስፎ ቤቱን በሰዓት 80 እና 90 ኪሎ ሜትር ማስሮጥ በጀመረበት በ20ኛው ምእት ዓመት ሲሆን፣ ሕጉም ምሕረት የለሽ ነው፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አየሩ የሚቋቋምበት ኃይል 4 እጥፍ፣ ያንን ለማሸነፍ ከሞተሩ የሚፈለገው ጉልበት ደግሞ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በመኪና ላይ የታነጸ ቤት ምን ያህል ነዳጅ ይፈጃል የሚለው ጥያቄ፣ እኔ እንደማምነው፣ ከሞተር ታሪክ ይልቅ የቅርጽና የፍጥነት ታሪክ ነው። (ዓመታቱን የምጽፈው፣ ለይቼ ካላመለከትኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ይህን ሕግ በሚጎተት ቤት ላይ በሥራ ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ መኪና ሠሪ ሳይሆን የአየር ሰው ነበር። ሆሊ ባውለስ፣ ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን የተሻገረበት አውሮፕላን ሲሠራ ሥራውን የተቆጣጠረና ሞተር አልባ በራሪዎችን በመሥራት ስሙ የገነነ ጠቢብ ሲሆን፣ በ1934 በካሊፎርኒያ «ሮድ ቺፍ» የተባለውን የአሉሚኒየም ተሳቢ ቤት አወጣ። ሞተር የሌለው በራሪ በአየር ላይ የሚቆየው በቅርጹ ንጽሕናና በአካሉ ቅለት ስለሆነ፣ ባውለስ ያንኑ ጥበብ ወደ ምድር አውርዶ የተሳቢውን ጠርዝ ሁሉ አድቦለቦለው። ሆኖም በሩን ከፊት፣ ከመጎተቻው ዘንግ በላይ ስላደረገው መግባትና መውጣቱ አስቸጋሪ ሆነ፤ ንግዱም አልጸናለትም። በ1936 ዋሊ ባያም ያንኑ አምሳል ወስዶ፣ በሩን ወደ ጎን አዛውሮ «ኤርስትሪም ክሊፐር» ሲል ሰየመው። ዋጋው 1,200 ዶላር ስለ ነበር በዚያ በዘመነ ችግር እንደ ቅንጦት የሚቈጠር ዕቃ ነበር፤ ነገር ግን ባያም ለገዢዎቹ ተስፋ ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ፣ ነፋስ ስለማይዘው የሚጎትተው መኪና ቤንዚን ይቆጥባል የሚል ነበር።

የባያም ተሳቢዎች ወደ አገራችንም መጥተዋል። በ1959 ከኬፕ ታውን ተነሥቶ እስከ ካይሮ የዘለቀው፣ 41 ተሳቢዎች ያሉት ታላቅ ጉዞ በኢትዮጵያ በኩል ሲያልፍ በአዲስ አበባ በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ለመቅረብ በቅቷል። በተራራማ አገር ግን የነፋስ ግብር ይቀልና የክብደት ግብር ይከብዳል፤ በ2ኛ ማርሽ ዳገት የሚወጣ መኪና አየሩን ብዙም አያውቀውምና፣ የሚፈጀው ነዳጅ በአብዛኛው ጭነቱን ወደ ላይ ለማንሣት ይውላል። አሉሚኒየሙ በአሜሪካ ሜዳ በቅርጹ ቢመሰገን፣ በእኛ ዳገት የሚመሰገነው በቅለቱ ነው።

በጀርመን አገር ቁጠባን ያስተማረው ማጣት ነበር። ሆላንዳዊው ነጋዴ ቤን ፖን በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ የነደፈው የቮልስዋገን ጭነት መኪና፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የነበረው የመጀመሪያ አምሳሉ በብራውንሽቫይግ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በነፋስ ሲፈተን የአየር መቋቋሚያ ልኩ 0.75 ሆኖ ተገኘ፤ መሐንዲሶቹም የፊቱን መስታወት ለሁለት ከፍለው ግንባሩን ሾል ቢያደርጉት ልኩ ወደ 0.44 ወረደ። 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ላለው ሞተር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነበር። የዌስትፋሊያ ኩባንያም ከ1951 ጀምሮ አልጋና ቁም ሣጥን እየገጠመ ያን መኪና የመንገደኛ ቤት አደረገው።

አሜሪካውያን ግን በዚያው ዘመን ባያምን የሚያህል አስተማሪ በመካከላቸው እያለ ትምህርቱን ችላ አሉት። ቤንዚን በጋሎን፣ ማለት በ3.8 ሊትር ገደማ፣ ከ40 ሳንቲም በታች ሲሸጥ፣ ነፋስ የሚወስደውን የሚቈጥር ማን ነበር? በአዮዋ ግዛት፣ በፎረስት ሲቲ ከተማ የሚገኘው የዊኒባጎ ኩባንያ ከ1966 ጀምሮ ፊታቸው ቀጥ ያለ፣ ጣራቸው ከፍ ያለ ሣጥን መሰል ቤቶችን በርካሽ ዋጋ እያመረተ የብዙ ቤተሰብ መዝናኛ አደረጋቸው። ጄኔራል ሞተርስ በ1973 ያወጣው ቤት ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነበር፤ የፊት ጎማው ስለሚጎትት ኃይልን ወደ ኋላ የሚያስተላልፍ ዘንግ አላስፈለገውም፣ ስለዚህም ወለሉ ወደ መሬት ቀርቦ ጣራው ዝቅ አለ፣ ፊቱም ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ነፋሱን በለስላሳው አሳለፈ። ይህን የመሰለ አካል ተሠርቶ ሳለ፣ ከኦልድስሞቢል ቶሮናዶ የተወሰደው ሞተር 7.5 ሊትር ስለ ነበር፣ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ23 እስከ 30 ሊትር ያህል ቤንዚን ይጠጣ ነበር።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የዐረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ማዕቀብ ጣሉ፤ 3 ዶላር ገደማ የነበረው የበርሜል ዋጋም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በኅዳር ወር ቤንዚን ማደያዎች ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት እንዳይሸጡ ጠየቁ፤ ይህም ቤቱን ይዞ ሰንበትን በሐይቅ ዳር ለማሳለፍ ለሚወጣው ሰው ከማንም ይልቅ የከበደ ነበር። በጃንዋሪ 2 ቀን 1974 የፈረሙት ሕግ ደግሞ የአውራ ጎዳናዎችን ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለት 88 ኪሎ ሜትር፣ ላይ ወሰነ። በየመንገዱ ብዙ ቢጠላም፣ የሕጉ መሠረት ትክክል እንደ ነበር እመሰክራለሁ፤ ከ105 ወደ 88 ኪሎ ሜትር ዝቅ ያለ ቤት አንዲት ብሎን ሳትለወጥለት የነፋሱን ኃይል ከሩብ በላይ ይቀንሳልና። ያው የዋጋ ማዕበል ወደ እኛም ደርሶ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ሥራ ማቆማቸው፣ አድማውም አብዮቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ መሆኑ የሚታወስ ነው።

ጄኔራል ሞተርስ ያን መልካም ቤት በ1978 ማምረት አቆመ። ዊኒባጎ ግን ከመከራው ተምሮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ «ሌሻሮ» የተባለውን ዝቅ ያለ ቤት አወጣ፤ ይኸውም በፈረንሳዩ የሬኖ መኪና ላይ የታነጸ፣ የፊት ጎማው የሚጎትት፣ 2.1 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው ሲሆን፣ በ1 ጋሎን ከ20 ማይል በላይ እንደሚሄድ ተነገረለት። ዳገት ላይ መድከሙ እውነት ነው። ነገር ግን ያጠፋው ዳገቱ ብቻ አልነበረም፤ በ1986 የነዳጅ ዋጋ ወደቀ፣ በ1987 የፍጥነቱ ገደብ ላላ፣ በ1995 ጨርሶ ተሻረ፣ ከፍ ያሉት ሣጥኖችም እንደገና መንገዱን ሞሉት። ዊኒባጎ «ቪው» የተባለውን፣ በመርሰዲስ የናፍጣ ሞተር የሚሄደውን ቀጭን ቤት ያወጣው በ2005 ነበር፤ ከሌሻሮ እስከዚያ ባለፉት 20 ዓመታት ውስጥ ለነፋስ የተከፈለው ነዳጅ ሁሉ ያለ ፍላጎት ሳይሆን በምርጫ የተከፈለ ስለሆነ ያሳዝነኛል።