የ«ምች» መድኃኒት ከየት መጣ? የአሲክሎቪር ታሪክና አወሳሰዱ

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ምች መታኝ፤ ከፋርማሲ የትኛውን ቅባት ልግዛ?» ብዙ ጊዜ ፎቶም አብሮ ይመጣል። ፎቶው ላይ የማየው ግን አራትና አምስት ቀን የሞላው፣ ቅርፊት የያዘ ቁስል ነው። በዚያ ሰዓት የትኛውንም ቅባት ቢገዙ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን የመድኃኒቱን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማልና ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። እኛ ምች ስንል ከንፈር ላይ የሚወጣውን ውሃ የቋጠረ ቁስል ብቻ ሳይሆን ድንገት የሚጥል ትኩሳትና ራስ ምታትንም ይጨምራል። እናቶቻችን «በልተሽ አፍሽን ሳትታጠቢ ፀሐይ ላይ ወጥተሽ ነው» ብለው ዳማከሴ ያሻሉ፣ ጭማቂውን ይቀባሉ። ይህን ስሰማ አልስቅም። የፀሐይ ጨረር የከንፈርን ቁስል እንደሚቀሰቅስ ዛሬ በጥናት የታወቀ ነው፤ ትኩሳትም እንዲሁ። እናቶቻችን ቀስቃሹን በትክክል አይተውታል። ያላዩት፣ ሊያዩትም የማይችሉት፣ የሚቀሰቀሰውን ነገር ነው፤ እሱም ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው። (ምግብና አፍ መታጠብን በተመለከተ ግን ፀሐይዋ ብቻ ናት ጥፋተኛዋ።)

ሄርፒስ የሚለው ቃል የመጣው «መሳብ፣ በደረት መሄድ» ከሚል የግሪክ ግስ ነው፤ የጥንት ሐኪሞች ቆዳ ላይ እየተስፋፋ የሚሄድን ቁስል ሁሉ እንዲህ ይሉት ነበር። ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤሚል ቪዳል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ግሩተር ከሰው ቁስል የወሰደውን ፈሳሽ በጥንቸል ዓይን ላይ አድርጎ ዓይኑ ሲቆስል አየ። ይቺን ዓይን አትርሷት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ትልቁ እንቆቅልሽ ግን ሌላ ነበር። ቁስሉ ይድናል፣ ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል። በመሀል የት ይከርማል? አሜሪካዊው ኧርነስት ጉድፓስቸር በ1929 ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይደበቅ አይቀርም ብሎ ጻፈ። ማረጋገጫው የመጣው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በ1971 ስቲቨንስና ኩክ የተባሉ ተመራማሪዎች ከበሽታው ካገገሙ አይጦች የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ቫይረሱን ተኝቶ አገኙት። በሰው ላይም እንዲሁ ነው። አብዛኞቻችን በልጅነታችን በቤተሰብ መሳሳም ይይዘናል፤ ከዚያ ፊታችንን በሚያዳርሰው ነርቭ ሥር ገብቶ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ይህ ቫይረስ በውስጡ አለ። ስለዚህ ምች የወጣበትን ሰው በክፉ የምታዩ ካላችሁ፣ ምናልባት እናንተም ተሸክማችሁታል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሐኪሞች «ቫይረስን የሚገድል ነገር ሰውየውንም ይገድላል» ብለው ያምኑ ነበር። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ባክቴሪያ የራሱ ቤት አለው፣ ቫይረስ ግን የሚኖረው በእኛው ሴል ውስጥ፣ በእኛው ዕቃ እየሠራ ነው። ቤቱን ሳታቃጥል ሌባውን ብቻ እንዴት ታቃጥላለህ? በ1959 ዊልያም ፕሩሶፍ የተባለ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለካንሰር ይሆናል ብሎ አይዶክስዩሪዲን የሚባል ውህድ ሠራ። በ1962 ኸርበርት ካውፍማን በሄርፒስ ለቆሰለ ዓይን ጠብታ አድርጎ ተጠቀመበትና የብዙዎችን ብርሃን አዳነ። ነገር ግን ከዓይን አልፎ ወደ ደም ሲገባ የጤነኛውንም ሴል ይጎዳ ነበር።

ይህን ቋጠሮ የፈታችው ገርትሩድ ኤልየን ናት። በ1918 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለደች። በ15 ዓመቷ አያቷ በጨጓራ ካንሰር ሲሞቱ አየችና ኬሚስትሪ ለመማር ወሰነች። በ1937 ከሃንተር ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕረግ ብትመረቅም ላቦራቶሪዎች ሴት አንቀጥርም አሏት። አንድ ወቅት ሥራዋ ለምግብ መደብር የኮምጣጤ ኪያርን አሲድና የማዮኔዝን የእንቁላል አስኳል ቀለም መመርመር ነበር! በጦርነቱ ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ በሩ ተከፈተ፤ በ1944 ቡሮውስ ዌልካም በሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር መሥራት ጀመረች። የዶክትሬት ትምህርቷን በማታ ጀምራ ነበር፤ ሥራሽን ለቀሽ በሙሉ ጊዜ ተማሪ ስትባል ሥራዋን መረጠች። ዶክትሬቷን ሳትጨርስ በ1988 የኖቤል ሽልማት ወሰደች።

አሲክሎቪር የሚባለውን ውህድ በ1970ዎቹ አጋማሽ የሠራው በዚያው ኩባንያ የነበረው ኬሚስቱ ሃዋርድ ሼፈር ነው፤ እንግሊዝ አገር ያለው የጆን ባወር ላቦራቶሪ በቫይረሱ ላይ ፈተነው፤ የኤልየን ቡድን ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ ፈልቅቆ አወጣ። የሚያስደንቀውም አሠራሩ ነው። አሲክሎቪር ሰውነት ውስጥ ሲገባ የተኛ ነው። እንዲነቃ መጀመሪያ በአንድ ኢንዛይም መነካት አለበት፤ ያንን ኢንዛይም በብዛት የሚያመርተው ደግሞ ቫይረሱ ራሱ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚነቃው በቫይረሱ በተያዘ ሴል ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ነቅቶ ቫይረሱ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ እንደ ጡብ ተመስሎ ሰንሰለቱ ውስጥ ይገባል፤ በላዩ ላይ ግን ሌላ ጡብ አይቀመጥም። ግንባታው እዚያ ላይ ይቆማል። ጤነኛው ሴል ግን ብዙም አይነካም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከንፈር ላይ አይደለም፣ አንጎል ላይ ነው። ይኸው ቫይረስ አልፎ አልፎ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ካልታከመ ከ10 ሰው 7ቱን ያህል ይገድላል። በ1984 በስዊድን በታተመ ጥናት ከዚያ በፊት የነበረውን ቪዳራቢን የተባለ መድኃኒት ከወሰዱት ግማሾቹ ሲሞቱ፣ አሲክሎቪር ከወሰዱት የሞቱት 19 በመቶ ነበሩ። እኔ በዚህ መድኃኒት የማደንቀው ይህንን ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ከዘባረቀ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ እየቀባችሁ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል!

ከንፈር ላይ ግን እውነቱን ልናገር፤ ውጤቱ መጠነኛ ነው። ክኒኑ በጊዜ ከተጀመረ ቁስሉን በአንድ ቀን ገደማ ያሳጥረዋል፤ ቅባቱ ከዚያም ያነሰ። ምክንያቱ ከላይ ያልነው ነው፤ መድኃኒቱ የሚያቆመው ቫይረሱ ሲባዛ ነው። ከንፈር መብላትና መንዘር በጀመረበት ሰዓት ቫይረሱ ይባዛል፤ ቅርፊት ሲይዝ ብዜቱ አልቋል፣ የቀረው የራሳችን ጥገና ነው። ስለዚህ መጀመር ያለበት ከመጀመሪያዋ የማሳከክ ስሜት ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚመላለስባችሁ ከሆነ ሲመጣ ሳይሆን አሁን፣ ደህና ሳላችሁ፣ ሐኪም አማክሩና ማዘዣውን ይዛችሁ ቆዩ።

አሲክሎቪር በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ከ5 እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ስለሆነ በቀን 5 ጊዜ ይታዘዛል፤ ያንን ለማስተካከል በ1995 ቫላሲክሎቪር መጣ። እሱ በ2002 ለከንፈር ምች በአሜሪካ ሲፈቀድ የአንድ ቀን ሕክምና ሆነ፦ 2 ግራም፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ደግሞ 2 ግራም፣ አለቀ። ይህ መጠን ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሁለቱም የሚወጡት በኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሙሉ መጠን ሲወስድ መድኃኒቱ ይጠራቀምና ያዞረዋል፣ ያዘባርቀዋል፣ የሌለ ነገር ያሳየዋል። አንድ ጊዜ ልጆቻቸው «አእምሯቸው ተነካ» ብለው ያመጧቸው ስኳርና ኩላሊት ያለባቸው አባት ከጎረቤት የተሰጣቸውን ክኒን ነበር የወሰዱት። መድኃኒቱ ቆሞ ፈሳሽ ሲሰጣቸው በቀናት ውስጥ ወደ ራሳቸው ተመለሱ። እናም የኩላሊት ችግር ካለ መጠኑ ይቀነሳል፤ ለማንም ቢሆን ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ እናት ሳትነግረን አትጀምር።

ከፋርማሲ «ለቁስል» ተብሎ የሚሰጥ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ብቻውን ምች ላይ አይቀባም፤ ቫይረሱን ያስፋፋዋል። አንቲባዮቲክም ለቫይረሱ ምንም አያደርግለትም። ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ካስቸገረው የከንፈሩን ቅባት እዚያ አታድርጉ፤ የግሩተርን ጥንቸል አስታውሱና የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቁስሉ ከወር በላይ ካልዳነ የኤችአይቪ ምርመራ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ለአራስ ጥየቃ ለምትሄዱ ነው። ምች የወጣበት ሰው፣ አያትም ትሁን አክስት፣ ቁስሉ እስኪደርቅና ቅርፊቱ እስኪወድቅ ድረስ ሕፃኑን አይሳም። ለእኛ የአንድ ሳምንት ቁስል የሆነው ነገር አራስን ሊገድል ይችላል። ቅር የሚለው ዘመድ ካለ፣ ዶክተር ከልክሎ ነው በሉና በእኔ አሳቡ።