ድመትና የሳሎን አበባ



ድመትን ወደ ሰው ቤት ያመጣት እህል ነው። ገበሬ እህሉን በጐተራ ማከማቸት በጀመረ ጊዜ አይጥ መጣች፤ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ የተገኘው የድመት ዐፅም 9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው በ2004 ዓ.ም. ተገልጿል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በሳሎን የሚቀመጠው የሩቅ አገር ተክል ግን ትናንት የገባ እንግዳ ነው።

ይኸውም በ1829 ዓ.ም. ናታንኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም የእሳት ራት ሲፈለፈል ለማየት እርጥብ አፈር በጠርሙስ ከድኖ ቢያስቀምጥ፣ ከአፈሩ ሣርና ፈርን በቅሎ አገኘ። ከዚህ ተነሥቶ ያሠራው የመስተዋት ሣጥን በ1833 ዓ.ም. ተክሎችን በመርከብ እስከ ሲድኒ በሕይወት አደረሰ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካና የእስያ ደን ተክል በየመስኮቱ ሥር ተደረደረ። ከነዚህ አንዱ ዲፈንባኪያ ነው፤ ቅጠሉን የነከሰች ድመት ምላሷ ያብጣል፣ ለሓጯ ይዝረከረካል።

የከፋው ግን የፋሲካ ሊሊ የሚባለው ነጭ አበባ ነው። የትውልድ አገሩ የጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች ሲሆን፣ በ1919 ዓ.ም. ሉዊስ ሆውተን የተባለ ሰው ሽንኩርት የመሰለውን ሥሩን በሻንጣ ሞልቶ ኦሪገን ወደሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት እንዳመጣ ይተረካል። በ1941 ዓ.ም. ጦርነቱ የጃፓንን ንግድ ሲዘጋ የኦሪገን አትክልተኞች ገበያውን ያዙ፤ አበባውም የፋሲካ ስጦታ ሆኖ በየቤቱ ገባ።

ቅጠሉም፣ አበባውም፣ የተነከረበት ውሃ እንኳ የድመትን ኩላሊት ያጠፋል። መንከስም አያስፈልግ፤ ቢጫው ብናኝ በጀርባዋ ላይ ቢራገፍ፣ ድመት ንጽሕና ወዳድ ናትና ጠጕሯን ስትልስ ትውጠዋለች። ውሻ ይህን አበባ ቢበላ ከሆድ ሕመም ስለማያልፍ፣ ባለቤቶች ለድመቷም አልፈሩላትም። የእንስሳት ሐኪሞች ነገሩን አብራርተው መጻፍ የጀመሩት ወደ 1990 ዓ.ም. ገደማ ነው።

በስሙ ላቲኖች «የኢትዮጵያ» የሚሉት፣ ትውልዱ ግን ደቡብ አፍሪቃ የሆነው ካላ፣ ሊሊ ቢባልም ከዚህ ዘር አይደለም፤ አፍ ያቃጥላል እንጂ ኩላሊት አያጠፋም።

አበባውን ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ መስቀል ለድመት መሰላል መስጠት ነው፤ ከቤት ማውጣት ይሻላል። ቅጠል መቀርጠፍ ለምትወድ ድመት ገብስ በሸክላ ቢዘራላት አይጐዳትም። ብናኙን የላሰች እንደ ሆነ ግን ማስታወክ እስክትጀምር አይጠበቅም፤ ካስታወከች በኋላ ደኅና መስላ ትውልና ኩላሊቷ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ሥራውን ያቆማል። ሐኪም በደም ሥሯ ፈሳሽ መስጠት የጀመረላት 18 ሰዓት ሳይሞላ ከሆነ፣ የመዳን ተስፋዋ ብዙ ነው።