ፎቶካታሊሲስ (የማቅለሚያ ፍሳሽን በብርሃን ማጣራት)

ፎቶካታሊሲስ በፍሳሽ ውኃ ውስጥ የሟሙ ማቅለሚያዎችን፣ ብርሃን ሲያርፍበት በሚነቃ ካታሊስት አማካይነት የማፍረስ ዘዴ ነው። በብዛት የሚያገለግሉት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድና ዚንክ ኦክሳይድ የተባሉ ነጭ ዱቄቶች ናቸው።

አሠራር

ብርሃን የካታሊስቱን ቅንጣት ሲመታ ኤሌክትሮን ከቦታው ተነሥቶ አዎንታዊ ሙል ያለው ክፍተት ይተዋል። ኤሌክትሮኑ ከኦክስጅን፣ ክፍተቱ ከውኃ ጋር ሲገናኙ ሃይድሮክሲል ራዲካልን የመሰሉ ማቅለሚያውን የሚበጣጥሱ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። አናታዝ የተባለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት የሚነቃው የሞገድ ርዝመቱ ከ387 ናኖሜትር ባነሰ ብርሃን ነው። ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ግን አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በዓይን በሚታይ ብርሃን የሚሠራ ካታሊስት ማግኘት የምርምሩ ዋና ግብ ሆኗል።

ታሪክ

ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ብርሃን ባረፈበት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ውኃን መከፋፈል እንደሚቻል አሳዩ። በ1977 ፍራንክና ባርድ በዚሁ ቁስ ሳያናይድን ከውኃ ማስወገድ እንደሚቻል ካረጋገጡ በኋላ ዘዴው ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ አመራ።

በአዲስ አበባና በኢትዮጵያ

ከእንጦጦ የሚነሣው የቀበና ወንዝ በየካ በኩል ወርዶ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይቀላቀላል። የአቃቂ ወንዞች የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተቀብለው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ፤ በየዳርቻቸውም ጎመንና ሰላጣ በውኃቸው ይለማል።

ለዘዴው የአካባቢው ብርሃን ምቹ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ በከፍታ ቦታ ትገኛለች፤ አልትራቫዮሌት ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። የክረምት ደመና ግን ይቀንሰዋል። በአዲስ አበባና በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በዘዴው ላይ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ተካሂደዋል። በውጭ አገር ደግሞ እንጦጦን ከሸፈነው የባሕር ዛፍ ዝርያ ቅጠል በተገኘ ጭማቂ ዚንክ ኦክሳይድ ተሠርቷል።

ውስንነት

የፋብሪካ ፍሳሽ እንደ ቤተ ሙከራው የሜቲሊን ብሉ ማቅለሚያ ሙሙት ንጹሕ አይደለም። ጠቆር ያለው ቀለም ብርሃኑን ያግዳል፤ ካርቦኔትና ጨው ራዲካሎቹን ይሻማሉ፤ የደቀቀውን ዱቄት ከውኃው መልሶ መልቀምም ወጪ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ውኃው ጠራ ማለት መርዛማነቱ ቀረ ማለት አይደለም፤ ማቅለሚያው በከፊል ሲፈርስ መርዛማ አሚኖች ሊቀሩ ስለሚችሉ አጠቃላይ የኦርጋኒክ ካርቦን መጠኑም መለካት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ሥርዓት በሌሎች ዘዴዎች የተገነባ ነው። በመሆኑም ፎቶካታሊሲስ የሚታሰበው ባክቴሪያ ካጣራው በኋላ ለሚቀረው ቀለም፣ እንደ መጨረሻ ደረጃ ነው።