አስም፦ «ተሽሎኛል» ብለን የምናቆመው ፓፍ

«አሁን ደህና ነኝ፣ ፓፉን ትቼዋለሁ።» ካምፕ ውስጥ አስም ካለባቸው ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ነገር ነው። ችግሩ፣ ደህና ያደረጋቸው ያ የተዉት ፓፍ ሊሆን ይችላል።

አስም ምንድን ነው?
አስም በሳንባ ውስጥ ያሉ የአየር ቧንቧዎች ለረጅም ጊዜ የሚቆጡበት ሕመም ነው። ቧንቧዎቹ ከውስጥ ያብጣሉ፤ አቧራ፣ የማገዶ ጭስ፣ እጣን ወይም ጉንፋን ሲነካቸው ደግሞ ይጠባሉ። ያኔ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይመጣል። ምልክቱ ቢጠፋም እብጠቱ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንደ ወባ ታክመው የሚገላገሉት ሳይሆን እንደ ደም ግፊት እየተቆጣጠሩ የሚኖሩት ነው።

ሁለቱ ፓፎች
አስታጋሹ ሳልቡታሞል ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። የጠበበውን ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፣ እብጠቱን ግን አያጠፋም።
ተከላካዩ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው። እብጠቱን ይቀንሳል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ነው። ቀለሙ ሊለያይ ስለሚችል ስሙን አንብቡ። ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ የሚሠራ ፓፍም አለ፤ እሱን ሐኪሙ እንዳዘዘው ውሰዱ።

ለምን እናቆማለን?
«ምንም አልሠራልኝም»፦ ተከላካዩ ወዲያው እፎይታ ስለማይሰጥ ብዙ ሰው ይጥለውና ሰማያዊውን ብቻ ይይዛል። ሰማያዊው በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ካስፈለጋችሁ አስሙ ከቁጥጥር ወጥቷል ማለት ነው።

«ሱስ ይሆናል»፦ አይሆንም። የሚሳበው ስቴሮይድ መጠኑ ትንሽ ነው፣ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል። አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ሊያወጣ ወይም ድምፅ ሊያጎረንን ይችላል፤ ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥምጣችሁ ትፉት።

ሐፍረት፦ አንዲት ተማሪዬ ፓፏን ከጓደኞቿ ትደብቅ ነበር፤ «ቲቢ አለባት» እንዳይሏት ፈርታ ነው። አስም አይተላለፍም። ይህን ለልጆቻችን እንንገራቸው።

ጾምና ጸበል፦ ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቆም የለበትም። በረመዳን ደግሞ ጠዋትና ማታ የሚወሰደውን ተከላካይ በሱሁርና በኢፍጣር ሰዓት ማድረግ ይቻላል። ትንፋሽ ሲያጥር ግን ሰማያዊው አይዘገይም።

ማለቅና መጋራት፦ ይህ የታማሚው ጥፋት ብቻ አይደለም። ክሊኒኩ «አልቋል» ሲል ሰው ምን ያድርግ? ቢያንስ ቀድመን እንቁጠር። 200 ጊዜ የሚሳብ ፓፍ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት ከተወሰደ 50 ቀን ይበቃል። የጀመራችሁበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉና ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሂዱ። ውኃ ውስጥ አስገብቶ ይንሳፈፍ እንደሆነ ማየት አያስተማምንም።

አሳሳቡ
ፓፉን በደንብ ነቅንቁ፤ አየር አስወጡ፤ እየተጫናችሁ በዝግታና በጥልቀት ሳቡ፤ እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሽ ያዙ። ለልጅ ከባድ ነው። ማስተላለፊያ ዕቃ ከሌለ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ይሠራል፦ ታጥቦ ይደርቃል፣ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል አየሩን ይስባል። መጀመሪያ ለጤና ባለሙያ አሳዩት።

አደጋው ሲመጣ
መናገር ካቃተ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ወይም ሰማያዊው ካላስታገሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ። ታማሚውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሰማያዊውን በየ30 እስከ 60 ሰከንድ አንድ ጊዜ፣ እስከ 10 ጊዜ ስጡት። መንገድ ላይም ቢሆን።

ተከላካዩን መቀነስ ወይም ማቆም ከፈለጋችሁ፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆኑ፣ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትተዉት። ደህና በሆናችሁበት ቀን የምትስቡት ፓፍ ነው ሌሊቱን በሰላም የሚያሳድራችሁ።