የቮልስዋገን ቢትል ሻንሲ የዝገት ጥገና

የቮልስዋገን ቢትል ሻንሲ የዝገት ጥገና በዝገት የተበላውን የመኪናውን ወለልና ተሸካሚ ብረት ቆርጦ በአዲስ ላሜራ የመተካት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ «ቮልስ» በመባል የሚታወቀው ይህ መኪና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ቮልፍስቡርግ በብዛት መመረት ጀመረ። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

የሻንሲው አሠራር

ከፊት እስከ ኋላ መሃል ለመሃል የሚያልፈው የብረት ሳጥን ለመኪናው እንደ ጀርባ አጥንት ነው። በግራና በቀኙ ስስ የወለል ላሜራዎች ተበይደዋል። ከፊት የፊት እግሩን የሚይዘው የሻንሲው ራስ፣ ከኋላ ደግሞ ካምቢዮውንና ሞተሩን የሚሸከመው ሹካ ይገኛል። ቦዲው በወለሉ ዙሪያ በብሎን ይታሠራል፤ በመካከላቸውም ጎማ ይገባል። ከበሮቹ ሥር ያሉት የማሞቂያ ቦዮች የቦዲው አካል ሲሆኑ፣ ሞቃት አየር ከማስተላለፋቸው በላይ ቦዲው እንዳይጎብጥ ያጠነክሩታል።

የዝገቱ መነሻ

ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው። ከባትሪው የሚያመልጠው አሲድ ቀለሙን አንስቶ ላሜራውን ስለሚበላ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበሳው ይህ ጥግ ነው። ያረጀ የመስታወትና የበር ጎማ ደግሞ ውሃ ያስገባል፤ ምንጣፉ ሥር የታቆረው ውሃም ወለሉን ከላይ ያዝገዋል። በብርድ አገሮች በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ባይኖርም የክረምት ዝናብና በጠርዞች የሚጠራቀም ጭቃ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። የማሞቂያ ቦዮች የሚዝጉት ከውስጥ ስለሆነ፣ ቀለማቸው ደህና መስሎ ውስጣቸው ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ምርመራ

ምንጣፉና ባትሪው ከወጡ በኋላ ወለሉ በካቻቢቴ ጫፍ ይወጋል፣ በትንሽ መዶሻም ይመታል። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። መኪናው በክሪክ ሲነሳ የበሩ ክፍተት ከተለወጠ ወይም በሩ አልዘጋ ካለ ቦዮቹ ደክመዋል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

ላዩ ብቻ የዛገ ብረት በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ አንቲረስት ይቀባል። የተበሳ ብረት ግን ጤነኛው ክፍል እስኪገኝ መቆረጥ አለበት። በስቱኮ መሙላት ወይም በአሮጌው ላይ ላሜራ መደረብ ውሃን በሁለቱ መካከል ስለሚይዝ ዝገቱን ሸፍኖ ያሳድገዋል።

የቤንዚን ቱቦው በመሃሉ ሳጥን ውስጥ ስለሚያልፍ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ቤንዚኑ መውጣትና ቱቦው መጽዳት አለበት። ቦዮቹ ከደከሙ ቦዲው ከመነሳቱ አስቀድሞ በበሮቹ ክፍተት ላይ ድጋፍ ብረት ይበየዳል፤ ይህ ከተዘለለ ክፍተቱ ጠቦ በሩ አይገጥምም። አዲሱ ቦይ የሚለካውም ቦዲው ሻንሲው ላይ ታስሮ ነው።

ወለሉን ለመቀየር በሳጥኑ ጠርዝ ያሉት የብየዳ ነጥቦች በትራፓኖ ይበሳሉ፤ አሮጌው ላሜራ ይላቀቅና አዲሱ ይገጠማል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከቦዲው ጋር መግጠማቸው ሳይረጋገጥ መበየድ የለበትም። ሙቀት ላሜራውን እንዳያጣምም ብየዳው ቦታ እየቀያየረ በአጭር በአጭሩ ይሄዳል። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከሆነ ጭሱ ስለሚጎዳ የሚበየደው ጠርዝ መፋቅ አለበት። ከኋላ መቀመጫ ሥር በሳጥኑ ላይ የተቀረጸው የሻንሲ ቁጥር በወለል ቅየራ አይነካም።

ከሁሉ የሚከብደው የሻንሲው ራስ ነው። የፊት እግሩ ማሰሪያ በጥቂቱ ከተዛነፈ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ልኩ ተወስዶ በጠንካራ ድጋፍ ይያዛል። የ1302 እና የ1303 ሞዴሎች የፊት እግር የተለየ በመሆኑ የሻንሲያቸው ራስ ከሌሎቹ ጋር አይቀያየርም።

ከጥገና በኋላ

መጋጠሚያዎቹ ይታሸጋሉ፣ አንቲረስትና ቀለም ይቀባሉ፣ ቦዮቹም ውስጥ ሰም ይረጫል። የቦዲው ጎማ በአዲስ ይተካል። ባትሪው በማሰሪያ ይጠበቃል፣ ክዳንም ይደረግለታል፤ የመቀመጫው ሽቦ ተርሚናሉን ከነካ እሳት ሊነሳ ይችላልና። የፊት ወንበሮች የሚታሠሩት በዚሁ ወለል ላይ ስለሆነ የጥገናው ጥራት የሚመዘነው በቀለሙ ማማር ሳይሆን በግጭት ጊዜ ወንበሩን ይዞ መቅረት በመቻሉ ነው።