ከሩቅ ስለሚሰጥ ትምህርትና ስለ መመዘኛው

መምህርና ተማሪ በአንድ ጥላ ሥር በተቀመጡ ጊዜ ትምህርቱን የሚመረምሩ ብዙ ዓይኖች አሉ። ወላጅ ይጠይቃል፥ ጎረቤት ይሰማል፤ የማያውቅ መምህርም ክረምቱ ሳይወጣ ይታወቅበታል። ትምህርቱ ከሩቅ የመጣ እንደ ሆነ ግን፥ ቀድሞ በፖስታ ዛሬም በኢንተርኔት፥ ተማሪው ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ የገዛው ወርቅ ይሁን ናስ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። አሁን በየአገሩ ያሉ የትምህርት ሹማምንት በኢንተርኔት ለሚያስተምሩ ድርጅቶች መመዘኛ ሲያወጡ ነገሩ አዲስ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ነው። (አገራችንን ከሚመለከቱት በቀር ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ታላቅ መልስ የተሰጠው በሎንዶን ነው። የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ በ1836 ዓ.ም. ሲቋቋም የሚያስተምር ሳይሆን የሚፈትን ነበረ። በ1858 ዓ.ም. አዲስ ቻርተር ተቀብሎ፥ ተማሪው በየትም ተማሪ ቤት ይማር ወይም ብቻውን ያጥና፥ ፈተናውን ካለፈ ዲግሪ ይሰጠው ጀመር። ለሴቶች ይህ በር የተከፈተላቸው በ1878 ዓ.ም. ነው። ኔልሰን ማንዴላም በሮበን ደሴት ታስሮ ሳለ በዚሁ መንገድ ሕግ ያጠና ነበር። እንግዲህ የሚያስተምረው ሌላ፥ የሚመሰክረው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ድጓ የተማረ ሰው ከመምህሩ ዘንድ ጨርሶ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ሲያስመሰክር የኖረው ስለዚሁ ምክንያት ነውና።

በአሜሪካ ደግሞ ነገሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ተነሣ። በ1869 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ አገር፥ አቮንዴል በተባለ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ እሳት ተነሥቶ መውጫውን ዘጋው። ጉድጓዱ ሌላ መውጫ ስላልነበረው 110 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ የማዕድን ሕግ ወጣ፤ እየታረመም ሄዶ በ1885 ዓ.ም. በጉድጓድ ውስጥ አለቃ የሚሆን ሰው ሁሉ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ታዘዘ። ሕጉ መልካም ነበረ። ዳሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከምድር በታች ሲቆፍር የሚውል ሠራተኛ የሒሳቡን፥ የአየሩን መመላለስና የሚፈነዳውን ጋዝ ጠባይ ከየት ይማረው? ቶማስ ፎስተር የሚባል የጋዜጣ አዘጋጅ በጋዜጣው ላይ ለማዕድን ሠራተኞች የጥያቄና የመልስ ዐምድ ከፈተ። ጠያቂው እየበዛ ቢሄድ በ1891 ዓ.ም. ከስክራንተን ከተማ የከሰል ማዕድን ትምህርት በፖስታ መላክ ጀመረ። ሠራተኛው ማታ ቤቱ ገብቶ፥ ትምህርቱን አንብቦ፥ መልሱን ጽፎ ይልካል፤ ታርሞም ይመለስለታል።

ልብ አድርጉ፤ ፎስተር ያስተምራል እንጂ የአለቃነቱን የምስክር ወረቀት የሚሰጠው እርሱ አልነበረም። ትምህርቱ ከንቱ ቢሆን ሠራተኛው በመርማሪዎቹ ፊት ወድቆ በተመለሰ ጊዜ ይገለጥ ነበር። የስክራንተኑ ተማሪ ቤት ግን እያደገ ሲሄድ የመንግሥት ፈተና የሌለባቸውን ትምህርቶች ሁሉ መሸጥ ያዘ፤ ደላሎቹም ከቤት ወደ ቤት ዞሩ፤ ተማሪዎቹ በመቶ ሺህ ተቆጠሩ። ሌሎችም ነጋዴዎች ይህን አይተው ተከተሉት። ፈታኝ በሌለበት ቦታ ሻጩ ራሱ መስካሪ ሆነ።

ከዚህም የባሰ አንድ ተንኰል ነበረ። ተማሪው ሙሉውን ዋጋ ለመክፈል ፈርሞ ሦስት ወይም አራት ትምህርት ብቻ ተቀብሎ ቢተወው፥ ለተማሪ ቤቱ የሚቀረው ትርፍ ነው፤ የሚታረም ወረቀት የለምና። ስለዚህ ተማሪው ቢጸና ይልቅ ቢሰለች ይጠቅም ነበር። ጆን ኖፍሲንገር በ1926 ዓ.ም. ስለነዚህ ተማሪ ቤቶች ምርመራውን አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም ተማሪ ቤቶቹ ራሳቸው ማኅበር አቁመው፥ ኖፍሲንገርን መሪ አድርገው፥ መመዘኛ አወጡ። ቆይቶም ማኅበሩ ለአባሎቹ የማረጋገጫ ማኅተም የሚሰጥ ሆነ።

ማኅተሙ ምን ያህል ይጠብቅ እንደ ነበር በ1970 ዓ.ም. ታየ። ጄሲካ ሚትፎርድ የተባለች ጸሓፊ፥ ስመ ጥር ደራሲዎችን በማስታወቂያ እያሳየ ድርሰት በፖስታ የሚያስተምረውን ተማሪ ቤት መርምራ ገለጠችው። ስማቸው የተጠራው ደራሲዎች የተማሪዎቹን ጽሑፍ አያርሙም ነበር፤ የመግቢያውም ፈተና አመልካቹን ለመሳብ እንጂ ለመለየት አልነበረም። ይህ ተማሪ ቤት የማኅበሩ ማኅተም ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። እኔ እንደሚመስለኝ የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን ነጋዴ የነጋዴን ሚዛን ሲመረምር እጁ ይለሰልሳል።

በእንግሊዝ አገር ሌላ ሙከራ ተደረገ። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ዓ.ም. ቻርተሩን ተቀብሎ በ1971 ዓ.ም. ወደ 25,000 በሚጠጉ ተማሪዎች ሥራ ጀመረ። የመግቢያ ፈተና አልጠየቀም። ነገር ግን አንዱን ትምህርት አንድ መምህር ብቻውን አይጽፈውም፤ መምህራን በጉባኤ ተቀምጠው ያዘጋጁታል፥ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሊቅም ያየዋል። ትምህርቱ በቢቢሲ ይነገርና ይታይ ስለ ነበር በየዩኒቨርሲቲው ያለ ፕሮፌሰር ሁሉ በቤቱ ተቀምጦ ሊነቅፈው ይችል ነበር። ከወጡት መመዘኛዎች ሁሉ ይህን እኔ አስበልጣለሁ፤ በየቅጹ ላይ ምልክት ከማድረግ ይልቅ ትምህርቱን በአደባባይ ማኖር መምህሩን ያስፈራዋልና።

ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ ቁጥሩ ከፖስታው ዘመን እጅግ በለጠ። በ2012 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስለ ኤሌክትሪክ መስመሮችና ኤሌክትሮኒክስ በነጻ ባቀረበው ትምህርት ወደ 155,000 ሰዎች ተመዝግበው የምስክር ወረቀት ያገኙት 7,157 ናቸው። ስለዚህ ተቋሙን አልነቅፍም፤ ማንም አልከፈለም፥ ብዙውም ሊያይ ብቻ የገባ ነው። ገንዘብ በሚከፈልበት ቦታ ግን እንዲህ ያለው ቁጥር የስክራንተንን ዘመን ያስታውሳል።

በአገራችን በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ የአግባብነትና የጥራት ኤጀንሲ ተቋቋመ። በ2002 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት በርቀት የሚሰጠውን ከፍተኛ ትምህርት ቢያግድ፥ ከደመወዛቸው ቈጥበው በየገጠሩ ሆነው የሚማሩ መምህራንና ሠራተኞች ደነገጡ፤ እገዳውም ኋላ ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በመንግሥትም በግልም ተቋም ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ተደረገ። ይህ የሎንዶን መንገድ ነው፤ አስተማሪውና መስካሪው ተለይተዋል፥ መልካምም ነው። ነገር ግን ተማሪው ለዚህ ፈተና የሚደርሰው ዓመታቱንና ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ነው። በመንገድ የቀሩትም፥ ከፍለው ያቋረጡት፥ በፈተናው ወንበር ላይ አይቀመጡምና በውጤቱ መዝገብ ውስጥ አይቆጠሩም።