የፎም ዓለት ግድግዳ
ለቤት ውስጥ የኮራል አኳሪየም በእጅ የተሠራ
ፖሊዩሬቴን ፎም፣ የፕላስቲክ ፍርግርግ፣ ኢፖክሲ፣ የኮራል አሸዋ

ዓለት ይመስላል እንጂ ልጅ ያነሣዋል። ሠሪው ፍርግርጉን አጋድሞ ፎሙን ይነፋበታል፤ ፎሙ አብጦ ሲደርቅም በቢላ እየቀረጸ ዋሻና እርከን ያወጣለታል። ከዚያ ኢፖክሲ ቀብቶ አሸዋ ይነሰንስበታል። ጀማሪ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፦ በፎሙ ውስጥ የታመቀው አየር ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ግድግዳው ውኃ ከመሞላቱ በፊት ከመስታወቱ ጋር በሲሊኮን በደንብ ካልተጣበቀ ተነቅሎ ይንሳፈፋል።

መልኩ እንጂ ሥራው የዓለት አይደለም። ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የባሕር ድንጋይን ከነነዋሪዎቹ ገንዳ ውስጥ ማስገባት የሚሰጠውን ጥቅም አስተዋውቋል። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ቀዳዳዎች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የዓሦቹን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ኦክስጅን በማይደርስበት ጥልቀት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ። የዚህ ፎም ቀዳዳዎች በአብዛኛው ዝግ ስለሆኑ ውኃ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ ከግድግዳው ፊት እውነተኛ ድንጋይ ይደረደራል።

እዚህም እዚያም የሚታየው ሐምራዊ ልባስ ቀለም አይደለም፤ ከውኃው ካልሲየም እየወሰደ በራሱ የበቀለ ኮራላይን አልጌ ነው።